«ከስንቱ?» — ስታትስቲክስ ስለምንለው ቃል

(ኅዳር 9 ቀን፣ የአፍሪካ የስታትስቲክስ ቀን በሚታሰብበት ዕለት፣ ጎንደር ውስጥ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ነው፤ ከጥቂት ድግግሞሽ በቀር አልተነካም።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሙያ ጓደኞቼ መምህራን፣ ልጆቼ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። በዚህ የኅዳር ብርድ ጋቢያችሁን ደርባችሁ፣ ያውም ስለ ቁጥር ለመስማት መውጣታችሁ እኔን ሳይሆን እናንተን ያስመሰግናል። የሒሳብ መምህር ሲናገር አዳራሽ የሚሞላው ጎንደር ላይ ብቻ ነው ብዬ ልኩራ? (ሳቅ) ልኩራ እንጂ!

ከቤት ስወጣ ጎረቤቴ እትዬ በራቸው ላይ ቆመው፣ «መምህር፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትናገር ነው?» አሉኝ። «ስለ ስታትስቲክስ» አልኳቸው። «እነዚያን ነው? ስንት ዶሮ አለሽ፣ ስንቱ ይጥላል ብለው ጽፈውኝ ሄደው፣ እስከ ዛሬ አንዲት ጫጩት ያመጡልኝ የለም!» አሉ። (ሳቅ)

አትሳቁ። እትዬ ለቃሉ ትርጉም ሰጥተውታል። ለእሳቸው ስታትስቲክስ ማለት ሰው ነው፤ ቅጽና እስክሪብቶ ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው። ለካድሬው ስታትስቲክስ ማለት ሪፖርት ነው። ለተማሪው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሳይመርጠው የሚደርሰው የትምህርት ክፍል ነው። ለቀረነው ለሁላችን «ስታትስቲክሱ እንደሚያሳየው» ሲባል፣ ከእንግዲህ ወዲያ አትከራከር፣ ዝም በል ማለት ነው። እውነቴን ነው ወይስ አይደለም?

ሦስት ነገር ልናገር አስቤያለሁ። አንደኛ፣ ቃሏ ምን ማለት ናት። ሁለተኛ፣ ከየት መጣች። ሦስተኛ፣ እኛ በየቀኑ ምን እናደርጋታለን። ሦስተኛው ላይ እቆያለሁ፤ አንደኛውን ቶሎ አልፈዋለሁ። ቃል ግን አልገባም፤ የሚያውቁኝ ያውቁኛል። (ሳቅ)

እሺ፣ አንደኛ። እንግሊዞች ይህን ነገር ሁለት አድርገው ይለዩታል። ጫፉ ላይ «ስ» ሲኖረው የትምህርቱ ስም ነው፤ «ስ» ስትወድቅ «ስታትስቲክ» ይሆናል፤ አንዲት ቁጥር ማለት ነው። እኛ ቃሉን ስንቀበል ከነ«ስ»ው ተቀበልን፤ ነጠላዋን ወደብ ላይ ረስተናት መጣን። ስለዚህ ትምህርቱም ስታትስቲክስ፣ መሥሪያ ቤቱም ስታትስቲክስ፣ ቁጥሯም ስታትስቲክስ። «ዳታ»ም እንዲሁ ደርሶበታል፤ ልጆቼን ዳታ ምንድን ነው ብላቸው «አለቀብኝ፣ ሙላልኝ» ይሉኛል። (ሳቅ)

እኔ ዛሬ የመጣሁት ወደብ ላይ ስለቀረችው ስለ ነጠላዋ ነው። ቁጥር ሁሉ ስታትስቲክ አይደለም። የጫማዬ ቁጥር 42 ነው፤ ይህ ቁጥር ነው፣ በቃ። ነገር ግን ፒያሳ ላይ አሥር ሱቅ ዞራችሁ፣ ከተሸጠው የወንድ ጫማ ስንቱ 42 እንደሆነ ብታሰሉ፣ ያ ስታትስቲክ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሁለተኛዋ ቁጥር ከብዙ ነገር ተጨምቃ የወጣች ናት። ከብዙ የወጣ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አለበት፦ ከስንቱ? ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ። ሌላውን ብትረሱ ግድ የለኝም። ከስንቱ?

መቁጠር ቀላል ነው የሚል ካለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ልውሰደው። ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ እነዚያ ትልልቅ ዓይኖች። ስንት ናቸው? አንዱ አስጎብኚ 80 ናቸው ይላል፤ ሌላው ከመቶ ያልፋሉ ይላል። እንግዳው ሁሉንም ይጽፋል፣ አገሩ ገብቶ ያትመዋል። እኔ አንድ ቀን ተናደድኩና እህቴንና ልጄን ይዤ ሄድኩ። ሦስታችንም አንጋጠን፣ አንገታችን እስኪደርቅ ቆጠርን። ስንወጣ ሦስታችንም ሦስት የተለያየ ቁጥር ይዘናል። ጣሪያው አንድ፣ መላእክቱ እነዚያው፣ ዓይናችንም ደኅና። ምን ሆነን ነው? ልጄ ጥግ ላይ የፈዘዙትን አልቆጠራቸውም። እህቴ ፈዝዘውም ቢሆን መልአክ መልአክ ነው ብላ ቆጠረቻቸው። እኔ ደግሞ መሀል ላይ ስደርስ አንድ ረድፍ መዝለሌን ወይም መድገሜን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አያችሁ? የማይንቀሳቀስ፣ የማይሞት፣ የማይሰደድ ነገር ቆጥረን አልተስማማንም። ታዲያ ሰው ቆጥረን እንዴት እንስማማ?

አርባ አራቱን ታቦትስ? «የአርባ አራቱ ታቦት አገር» እያልን እንምላለን። እስኪ ዘርዝሩ ሲባል ግን ከተማው ውስጥ ያሉት ብቻ ናቸው? ዙሪያው ይገባል? ኋላ የተተከሉትስ? እኔ በታቦት ነገር አልከራከርም፣ አባቶች ያውቃሉ። የምለው፣ ቁጥሩን በቃላችን ስንይዝ ድንበሩን አብረን አልያዝንም ነው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ቃሏ ከየት መጣች? «መንግሥት» ከሚለው የአውሮፓ ቃል። ጣልያኖች የመንግሥት ነገር አዋቂውን «ስታቲስታ» ይሉት ነበር። ጎትፍሪድ አኸንቫል የሚባል ጀርመናዊ መምህር ነው በ1749 እ.ኤ.አ. «ስታቲስቲክ»ን የመንግሥትን ሁኔታ የሚያጠና ትምህርት ስም ያደረገው። ያን ጊዜ ቁጥር ብዙም አልነበረበትም፤ የአገር ሁኔታ መግለጫ ነበር። ከዚያ ጆን ሲንክሌር የሚባል ስኮትላንዳዊ ቃሏን ወደ እንግሊዝኛ አስገባት፤ እየዋለች እያደረች በቁጥር ተሞላች። ዓመቱን ልብ በሉልኝ፤ 1749 ማለት እዚህ ጎንደር ላይ ዳግማዊ ኢያሱ ነግሠው፣ እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ላይ ግቢያቸውን ይዘው ያሉበት ዘመን ነው።

የእኛም መንግሥታት ይቆጥሩ ነበር፤ ስሙን ብቻ አላወጡለትም። «አሥራት» ምንድን ነው? ከአሥር አንድ። ግብሩ ራሱ ክፍልፋይ ነው! «ጢሰኛ»ስ? ጢስ ከሚወጣበት ጎጆ ነው ይላሉ። ጢስ የወጣበት ቤት ሁሉ ተቆጥሮ ይገብራል። የቆጣሪው ቅጽ ጢስ ነበር። ስለዚህ አባቶቻችን ቆጣሪ ሲመጣ ምን እንደሚከተል ያውቁ ነበር፦ ግብር ወይም ዘመቻ። እትዬ ጫጩት መጠበቃቸው እንኳ ትልቅ መሻሻል ነው። (ሳቅ)

መጽሐፉም ፍርሃቱን ያጸናዋል። ኦሪት ዘኍልቍ የሚባል መጽሐፍ አለን፤ ኍልቍ ቁጥር ነው። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን አስቆጥሮ መቅሠፍት እንደመጣበት ከልጅነታችን ሰምተናል። እኔ ግን በኋላ፣ መምህር ከሆንኩ ወዲህ ሳነበው ሌላ ነገር አየሁ። በሳሙኤል ካልዕ ኢዮአብ ያመጣው ቁጥር እስራኤል 800,000፣ ይሁዳ 500,000 ነው። በዜና መዋዕል ቀዳማዊ ያው ቆጠራ እስራኤል 1,100,000፣ ይሁዳ 470,000 ይላል። ሊቃውንቱ ይህን የሚያስማሙበት መንገድ አላቸው፤ እሱን ለእነሱ እተዋለሁ። እኔን የገረመኝ ቀጥሎ ያለችው ቁጥር 6 ናት፦ ኢዮአብ ሌዋውያንንና ብንያማውያንን አልቆጠራቸውም ትላለች፤ የንጉሡ ነገር አስጸይፎት ነበርና። ወንድሞቼ፣ ይህን የጻፈው ሰው ስታትስቲሺያን ነው! ቁጥሩን ነገረን፣ ወዲያው ማን እንደቀረ ነገረን፣ ለምን እንደቀረም ነገረን። የዛሬ ስንቱ ሪፖርት ነው ይህን የሚያደርግ?

አሁን የቤታችንን ታሪክ ልንገራችሁ። የአገራችን የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብና የቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ የቆጠራው ቀን ግንቦት 1 ነበር። ግንቦት 1 ምንድን ነው? (ከታዳሚው፦ «ልደታ!») ልደታ! ንፍሮው ተቀቅሏል፣ ቡናው ቀርቧል፣ እናቴ ረከቦቱ ፊት ተቀምጣለች። አንድ ወጣት መምህር ቅጽ ይዞ ገባ። ቡና ጠጣ። ከዚያ «እናቴ፣ ስንት ልጆች አሉዎት?» አላት።

«እግዜር የሰጠኝን ያህል።»

«ስንት ናቸው?»

«እንደምታያቸው ናቸዋ!»

እናንተ ታውቃላችሁ፣ ልጅ አይቆጠርም። ልጅ የቆጠረ ዓይን ይጠራል። መምህሩ ብልህ ነበር፤ «እንግዲያው ስማቸውን ይንገሩኝ» አላት። ስም መጥራት መቁጠር አይደለም። እናቴ አንድ በአንድ ጠራች፣ እሱ ጻፈ። እኔ አጠገቧ ቆሜ በጣቴ እቆጥር ነበር፤ ያን ጊዜም ያው ነበርኩ። ስድስት። ስድስት ብላ አቆመች። እኛ ሰባት ነን! አፌን ከፈት ሳደርግ እናቴ አየችኝ። የእናት ዓይን ታውቃላችሁ። አፌን ዘጋሁ። የቀረችው ትንሿ እህቴ ናት፤ ጓዳ ውስጥ ተኝታለች፣ ገና ሰማንያ ቀን አልሞላትም፣ ክርስትና አልተነሳችም። ክርስትና ያልተነሳ ልጅ ደግሞ ስም የለውም፤ ስም የሌለው በስም አይጠራም።

ውጤቱ ሲወጣ የኢትዮጵያ ሕዝብ፣ ያን ጊዜ ኤርትራን ጨምሮ፣ 42,616,876 ተባለ። እኔ ግን በልቤ 42,616,877 ነው የምለው። (ሳቅ፣ ጭብጨባ) ተነሺ እንጂ፣ ይዩሽ! እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለችው ናት። ሥላሴ ጣሪያ ላይ የፈዘዙትን መላእክት አልተውም ያለችውም እሷው ናት፤ ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ?

ወደ ቁም ነገሩ ስመለስ፣ ያች ቁጥር መጨረሻዋ ስድስት ናት። አያችሁልኝ? ስምንት መቶ ሰባ ስድስት! በጦርነት ምክንያት ቆጣሪ ሊደርስባቸው ያልቻለ ሰፊ አካባቢዎች ነበሩ፤ ለእነሱ ግምት ተሠርቶ ነው የተደመረው። ግምት ያለበት ድምር መጨረሻው ላይ ስድስት ሲኖረው ሰው ይታለላል፤ አንድ በአንድ ተቆጥሮ የመጣ ይመስለዋል። ቆጣሪዎቹ አልዋሹም፤ ግምት እንዳለበት በሪፖርቱ ተጽፏል። እኛ ግን ሪፖርቱን ማን ያነባል? ቁጥሯን ብቻ ነቅለን እንሮጣለን።

ዛሬም ያው ነው። ጎንደር ስንት ሰው አላት? በ1987ቱ ቆጠራ 112,249፣ በ1999ኙ 207,044። ከዚያ ወዲህስ? አራተኛው ቆጠራ ለ2010 ታስቦ ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ፣ ቀረ። ከዚያ በኋላ የምትሰሙት ሁሉ ትንበያ ነው፤ ከድሮው ቆጠራ ተነስቶ፣ እንዲህ ቢወለድ፣ እንዲህ ቢሞት፣ እንዲህ ቢሰደድ ተብሎ የተሰላ። ትንበያ መጥፎ አይደለም፤ ሌላ ነገር በሌለበት ያለን እሱ ነው። ግን አዘዞ ላይ ትናንት የተሠራውን ቤት አያውቀውም። በእነዚህ ዓመታት ስንቱ ከገጠር ሸሽቶ ዘመድ ቤት እንደገባ አያውቀውም።

ወደ ሦስተኛው ልግባ፤ ወደ ዕለት ኑሯችን። ቅዳሜ ገበያ እንሂድ። ጤፍ የሚገዛ ሰው ምን ያደርጋል? ጆንያው አፍ ላይ ያለውን ዓይቶ ይገዛል? የዋህ ካልሆነ በቀር አይገዛም። እጅጌውን ይሰበስብና ክንዱን እስከ ክርኑ ድረስ ከጆንያው ውስጥ ይከታል፤ ከታች ይዘግናል፣ ከጎን ይዘግናል፣ መዳፉ ላይ ያንጠረጥረዋል። ለምን? ነጋዴው ማኛውን ከላይ፣ እንክርዳዱን ከታች እንደሚያደርግ ያውቃልና። ይኼ ሰው ስታትስቲክስ የሚባል ቃል ሰምቶ አያውቅም፤ ሥራው ግን ስታትስቲክስ ነው። ኩንታሉ ውስጥ ያለውን እውነተኛ የእንክርዳድ መጠን ማንም አያውቀውም፤ እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው። እሱን ባለሙያዎች «ፓራሜትር» ይሉታል። መዳፉ ላይ ያለው የእንክርዳድ መጠን ደግሞ «ስታትስቲክ» ነው። ይህን ልዩነት በእነዚህ ሁለት ስሞች የለየው ሮናልድ ፊሸር የሚባል እንግሊዛዊ ነው፣ በ1922 እ.ኤ.አ.። ከጥቂቱ የወጣች፣ ስለ ሙሉው የምትናገር አንዲት ቁጥር፤ የቃሏ ጥብቅ ትርጉም ይኼ ነው።

ስንት ጊዜ ብንዘግን ይበቃል? ይህችን ጥያቄ የመለሳት ማን መሰላችሁ? ጠማቂ! ዊሊያም ጎሴት ይባላል፤ ደብሊን ውስጥ ጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ገብስና ጌሾ መሳዩን ነገር ሲመረምር ያለው ናሙና ጥቂት ነው፤ ከጥቂት ናሙና ምን ያህል በድፍረት መናገር ይቻላል ብሎ አሰበ። መልሱን በ1908 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲጽፉ ስለማይፈቅድ «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ልጆች የ«ቲ» ፈተና እያላችሁ የምትሰቃዩበት ከዚህ የመጣ ነው። እኛም እዚህ የዳሽን ቢራ አገር ሆነን፣ ስታትስቲክስን ከቢራ ጋር ያስተዋወቀን ሰው እስካሁን አልተገኘም። (ሳቅ)

እንግዲህ ከላይ ከላይ የሚዘግኑ ሰዎች አሉ። «ሕዝቡ እንዲህ ይላል» የሚል ሰው ስትሰሙ፣ ክንዱን እስከ ክርኑ ከቷል ወይስ ጆንያው አፍ ላይ ያለውን ነው ያየው ብላችሁ ጠይቁ። ቡና ቤት የተቀመጡ አምስት ጓደኞቹ ናቸው? ስልኩ ላይ የጮኹ ሰዎች ናቸው? ከስንቱ?

አማካይን ልንካና ልለፍ። አንድ መንደር ውስጥ አሥር ገበሬ አለ እንበል። ዘጠኙ አንዳንድ በሬ አላቸው። አሥረኛው ሀብታም ነው፣ 31 በሬ አለው። ድምሩ 40። ለአሥር ስናካፍለው በነፍስ ወከፍ አራት በሬ፤ ሁለት ጥማድ! ሪፖርቱ ላይ «የመንደሩ ገበሬ በአማካይ ሁለት ጥማድ በሬ አለው» ተብሎ ይጻፋል። ውሸት ነው? አይደለም። ዘጠኙ ግን ማለዳ ተነስቶ ብቻውን ማረስ አይችልም፤ ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ እያለ ተራ ይጠብቃል። ገበሬዎቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድራችሁ መሀል ያለውን ብትጠይቁት «አንድ» ይላችኋል። ድመቷ «ሺ ቢታለብ ያው በገሌ» ያለችው ይኼንኑ ነው። አማካይን እንደ ድመቷ ያስረዳኝ መምህር አላጋጠመኝም።

አሁን ደግሞ ልጆቻችንን የሚነካውን ላንሳ። 3.3 ስላችሁ ምን ትዝ ይላችኋል? (ከታዳሚው ማጉረምረም) አያችሁ፣ ማብራሪያ አላስፈለገም። በጥር 2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲነገር፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው ተባለ፤ 3.3 በመቶ። በአገሩ ሁሉ ያች ቁጥር እንደ ሰው ስም ሆነች። በሚቀጥለው ዓመት 3.2። በሚቀጥለው 5.4። «ተሻሻለ!» ተባለ። ልጆቹን ደስ አላችሁ እንበላቸው፤ ያለፈው ልጅ ቁጥርም በእርግጥ ጨምሯል። ግን እስኪ ጥያቄያችንን እንጠይቅ። ከስንቱ? 3.2 በመቶው ከ845 ሺህ ገደማ ተፈታኝ ነበር። 5.4 በመቶው ከ675 ሺህ ገደማ ነው። ከሥር ያለው ቁጥር ተሸርሽሯል። ሌሎቹ የት ሄዱ? ያልተመዘገበው፣ ያልተፈተነው፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት ቤት የቀረው፣ ከብት ሲጠብቅ የከረመው ልጅ፣ ከየትኛው መቶኛ ውስጥ ነው ያለው? አለፈ አይባልም፣ ወደቀ አይባልም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ቤቱ ያለው ወላጅ እንዳለ አውቃለሁ። እኔም የወንድሜ ልጅ አለ።

(ጥቂት ዝምታ)

መምህራን፣ በዚህ ነገር እኛም ንጹሕ አይደለንም፤ ልናዘዝ። ወጣት ሳለሁ አንድ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር፤ የት እንደሆነ አልናገርም። የመንፈቁ ሪፖርት የሚላክበት ሰሞን ርዕሰ መምህሩ ጠሩኝና «ባለፈው ዓመት 80 በመቶ አልፏል ብለናል። ዘንድሮ 85 አድርገው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ፈተናው እኮ ገና አልታረመም!» አልኳቸው። «ታዲያ ለዚህ አይደል ቀድሜ የነገርኩህ?» (ረዥም ሳቅ) አሁን ያስቃል። ያን ጊዜ ግን ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ደካሞቹን ተማሪዎች «አቋርጠዋል» ብዬ ከዝርዝሩ አወጣኋቸው። አንድም ውጤት አልሰረዝኩም፣ አንድም ማርክ አልጨመርኩም። ከሥር ያለውን ቁጥር ብቻ ነካሁት። 85 በመቶ ሞላ። ከእነዚያ ልጆች አንዱን ከዓመታት በኋላ ማራኪ ላይ ባጃጅ ሲነዳ አገኘሁት፤ ሒሳብ አልቀበልም ብሎ ወሰደኝ። አላወቀም። እኔ ግን አውቃለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ሰዓቱም ሄዷል። አማርኛችን ስለ ቁጥር ክፉ ክፉ አነጋገር አለው። «ከቁጥር የማይገባ» እንላለን። «ለቁጥር ማሟያ» እንላለን። ሰው በአደጋ ሲሞት «ቁጥር ሆኖ ቀረ» እንላለን። ስለዚህ ብዙ ሰው ስታትስቲክስ የሰውን ሰውነት ያጠፋል ብሎ ይጠላዋል። እኔም እጠላው ነበር። ሐሳቤን ያስቀየሩኝ አያቴ ናቸው፤ ያላየኋቸው አያቴ።

በ1950 እና በ51 ዓ.ም. በአገራችን ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ነበር። ያን ጊዜ ንዳድ ነው የሚባለው። ከቆላ አልፎ፣ ወባ ብዙም ወደማያውቀው ወይናደጋ ወጣ፤ ሰውነቱ ያልለመደው ሕዝብ ላይ ወረደ። ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። ይገመታል እንጂ ማን ቆጠረ? አያቴ በዚያ ጊዜ ደምቢያ ውስጥ ሞቱ። ሴት አያቴ እንደነገሩኝ፣ ቀባሪ ጠፍቶ በአንድ ቀን ሦስት ሰው በአንድ ላይ ተቀበረ። ሐኪም አላያቸውም፣ መዝገብ አልጻፋቸውም፣ ቅጽ የያዘ ሰው በሩን አላንኳኳም። 150,000ው ውስጥ አሉ፤ ግን ማንም አልቆጠራቸውም። ግምቱ እሳቸውን ያገኛቸው ክንዱን እስከ ክርኑ እንደከተተው ሰው ነው፦ ጥቂት መንደር ታይቶ፣ ጥቂት መቃብር ተጠይቆ፣ ስለ ሌላው ተነገረ። ያ ግምት ባይኖር ኖሮ አያቴ ለእኛ ብቻ የሞቱ ሰው ይሆኑ ነበር። ግምቱ ስላለ ግን ሞታቸው ወባን ለማጥፋት ለተነሳው ሰው ማስረጃ ሆነ።

እዚችው ከተማችን ላይ የጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው ደምቢያ ላይ ከዚያ በፊት በደረሰ ሌላ የወባ ዕልቂት ምክንያት መሆኑን ልጆቼ ታውቃላችሁ? ጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሱንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን አብሮ እያሠለጠነ የላከ ቤት ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ፣ ወደ ደባርቅ መንገድ ላይ ዳባት ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደመጣና ማን እንደሄደ የሚመዘግብ ማዕከል አለው። ሰው ቤቱ ሲሞት መዝጋቢው ቆይቶ ይመጣና ቤተሰቡን ቁጭ አድርጎ ይጠይቃል፤ ትኩሳት ነበረው? ስንት ቀን ታመመ? ያስለው ነበር? ሐኪሞች ያንን አንብበው በምን እንደሞተ ይፈርዳሉ። አያቴ ያላገኙት ይህን ነው። የሚጠይቅላቸው ሰው።

ስለዚህ እትዬን ጫጩቷን ተዪአት፣ በሚቀጥለው ሲመጡ የሚጥሉትንም የማይጥሉትንም አስቆጥሪ ብዬ ልነግራቸው ነው። እናንተም በር ሲንኳኳ ክርስትና ያልተነሳችውንም ጥሩ።

ጥያቄ ያላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁኝ። እስከዚያው አንድ ማስታወቂያ አለኝ፦ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሥላሴ ደጅ ላይ እጠብቃችኋለሁ። መላእክቱን እንደገና እንቆጥራለን፤ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ኑ። አንድ ነገር ብቻ፦ የፈዘዙት ይቆጠሩ አይቆጠሩ ከመግባታችን በፊት በር ላይ እንስማማ። እህቴ ምን እንደምትል አስቀድሜ አውቃለሁ።